ምድር ቤት የሚተነፍሰው

እኔ ሰው አላምንም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንጀራዬን ያገኘሁት የሰውን ቃል ባለማመን ነው። የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነኝ። «መኪናዬ በራሷ ተንሸራታ ባሕር ገባች» የሚለኝ ሰው ፊት ተቀምጬ «እሺ፣ ከዚያስ?» ማለት ሥራዬ ነው። ባልደረቦቼ «ሂላሪ ገንፎ ስትበላ እንኳ መጀመሪያ ስንጥር ትፈልጋለች» እያሉ ያሙኛል። አልዋሹም። ስንጥሩን ግን በእውነት ያገኘሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ያውም በዘጠኝ ዓመቴ። ምነው እጄን በቆረጠው።

ያደግሁባት ሄርንስቢ አንድ የድንጋይ ወደብ፣ አንድ ቁልቁለት መንገድና አራት መጠጥ ቤቶች ነበሯት። እኔ ነፍስ ባወቅሁበት ጊዜ አራቱንም አንድ የቢራ ኩባንያ ገዝቷቸው አንድ በአንድ ያስተካክላቸው ጀመር። ማስተካከል የሚለው ኩባንያው ነው እንጂ አባቴ የሚጠራው በሌላ ስም ነበር። «የንጉሡ ራስ» ቀይ አምፖልና ሳንቲም የሚበላ የሙዚቃ ማሽን ገባለት፤ በሩ ላይ የነበረው ንጉሥም ወርዶ የጓሮ ዶሮዎች ማረፊያ ሆነ። «ነጩ ፈረስ» የፕላስቲክ የመርከብ መሪ ተሰቅሎለት ስሙ «ካፒቴን ሮም» ተባለ። «ዓሣ ነባሪው» ደግሞ ጭራሽ በጣውላ ታሸገ። የቀረው «ተስፋና መልሕቅ» ብቻ ነበር።

«ተስፋና መልሕቅ»ን የያዙት ክሌምና ሚስቱ ዶሪን ናቸው። ዘመዶቻችን አልነበሩም፣ ግን አጎቴ ክሌም፣ አክስት ዶሪን እያልኩ ነው ያደግሁት። ክሌም ሆዱ ከበሩ ቀድሞ የሚገባ ሰው ነው። በወጣትነቱ ባሕር ላይ ግራ እግሩን ገመድ ቀጥቅጦት ነበርና ሲራመድ ድምፁ ከሩቅ ይለያል፤ ዱብ… ሸርተት፣ ዱብ… ሸርተት። ልጅ መጠጥ ቤት መግባት ክልክል ስለነበር አባቴ ሲገባ እኔ የጎን በሩ ደረጃ ላይ እቀመጣለሁ። ያቺ ዱብ ሸርተት ወደ ትንሿ መስኮት ስትመጣ ምራቄ ይሞላል። ክሌም ችፕስ ያቀብለኛል፤ የዚያን ጊዜ ችፕስ ጨው አልተነሰነሰበትም፣ ጨው በሰማያዊ ወረቀት ተጠቅልሎ ከረጢቱ ውስጥ ይደበቃል።

«በይ ጨውሽን ፈልጊ፣ መርማሪዋ!» ይለኛል። አንዳንድ ቀን ሁለት ጨው ከትቶ ይሳሳትብኛል። ሆን ብሎ መሆኑን የጠረጠርኩት በኋላ ነው።

በጥቅምት አንድ ቀን መስኮቷን የከፈተችው ዶሪን ሆነች። ችፕሱን ሰጥታኝ ልትዘጋ ስትል እጄን መሃል አስገባሁ።

«አጎቴ ክሌምስ?»

«ላይ ተኝቷል፣ የኔ ቆንጆ። ጉንፋን ይዞታል።»

በሁለተኛው ቀን፣ በሦስተኛውም ቀን ዶሪን ሆነች። በሳምንቱ እራት ላይ አባቴን ጠየቅሁት። አባቴ ዊልፍ ዓሣ በመኪና እየዞረ የሚሸጥ፣ በንግግር የማይታማ፣ በውሸት ግን የማይሆንለት ሰው ነው።

«ክሌም? ክሌም እኮ ሃል ከተማ ሄደ፣ ወንድሙ ጋ» አለኝ።

እናቴም ምድጃው ጋ ሆና፣ በዚያችው ቅጽበት፣ «ዓይኑን ሊታይ ሐኪም ዘንድ ሄዷል» አለች።

ሁለቱም ተያዩ። አባቴ ድንቹን መቁረጥ ቀጠለ። የተቆረጠውን ድንች እንደገና ይቆርጠዋል።

ሦስት ሰው፣ ሦስት መልስ። ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ ከመጣ ፋይሉን ለብቻ አስቀምጠዋለሁ። ያኔ ፋይል የለኝም፣ ግን አስቀመጥኩት።

ትምህርት ቤት ለሳምንት ተዘግቶ ሳለ፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ የኩባንያው ሰው መጣ። ሚስተር ክሮዘር ይባላል። ክሬም ቀለም መኪና፣ የተወለወለ ጫማ፣ ለልጅ ሳይቀር ባርኔጣ ማንሳት። ከሰዓት በኋላ መጠጥ ቤቶች በሕግ ዝግ ስለሚሆኑ መንገዱ ጭር ብሏል። በሩን አንኳኳ፤ ዶሪን ከፈተች። ፊቷ የኖራ ግድግዳ መስሏል።

«ክሌም አለ?»

«ላይ ነው፣ ገላውን እየታጠበ። ክሌም! ሚስተር ክሮዘር መጥተዋል!»

ከላይ፣ ከጣውላው ወለል፣ ዱብ… ሸርተት፣ ዱብ… ሸርተት። ከዚያም ሳል፤ የክሌም ወፍራም ሳል።

አቤት ደስታዬ! አለ ማለት ነው! በጓሮ ዞሬ የድንጋይ አጥሩ ላይ ወጣሁ፤ በመስኮት እጄን ላውለበልብለት። አየሁ። ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ የሚለው ሰው የክሌምን ትልልቅ ቦት አጥልቆ ግራ እግሩን ይጎትታል። ጉልበቱን በእጁ ይዞ፣ ላብ አጥምቆት፣ በጭንቀት ወደ ወለሉ ያፈጥጣል። ክሌም አልነበረም። አባቴ ነበር።

አባት ማለት ለኔ በዓለም ላይ የሚታወቅ ነገር ነበር፤ የእጁን የዓሣ ሽታ፣ የሳቁን ልክ፣ ሁሉን አውቃለሁ። የሌላ ሰው ጫማ አድርጎ የሌላ ሰው ሳል የሚስለውን ይህን ሰው ግን አላውቀውም። የአንድን ሰው እግር የሚኮርጅ ሰው፣ ባለእግሩን የት አድርጎት ነው?

ሚስተር ክሮዘር ሲወጣ ደረጃው ላይ አገኘኝ። ባርኔጣውን አነሳ።

«የዊልፍ ልጅ ነሽ አይደል? ለመሆኑ ሰሞኑን ክሌምን አይተሽዋል? ሦስት ጊዜ መጣሁ፣ ሳሉን እንጂ ፊቱን አላገኘሁም።»

የተወለወለ ጫማውን አየሁ። እሱም አላስጨነቀኝም፤ የሚንት ከረሜላ ሰጠኝና «ሐሙስ እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ። በዚያ ከተማ ውስጥ ስለ ክሌም የጠየቀ ሌላ ሰው አልነበረም። ለዚህ ነው ያመንኩት። እኔ ሰው የማላምነው ሴትዮ፣ በሕይወቴ መጀመሪያ ያመንኩት ሰው እሱ ነው፤ ይብላኝ ለኔ።

ረቡዕ እናቴ ዳቦ ግዢ ብላ ላከችኝ። በጎን መንገድ ስመለስ የአባቴ መኪና ጀርባዋን ለ«ተስፋና መልሕቅ» ሰጥታ ቆማለች። እግረኛው መንገድ ላይ፣ መሬት ላይ የተጋደሙት የምድር ቤቱ ሁለት መዝጊያዎች ተከፍተዋል። የሸርጣን ማጥመጃ ክምር ጀርባ ተደበቅሁ። አባቴ የዓሣ ሳጥኖቹን ገለል ገለል አደረገና አንድ ከባድ ነገር፣ ድንኳን ጨርቅ የተጣለበት፣ እያቃሰተ ወደ ታች አወረደ። መዝጊያዎቹ ተዘጉ።

ዳቦዬን ታቅፌ መዝጊያዎቹ ላይ በሆዴ ተኛሁ። አንደኛው ጣውላ ስንጥቅ አለው። ከታች እርጥብ ድንጋይና እርሾ ሸተተኝ። አምፖል በርቷል። በአምፖሉ ሥር፣ ዝቅ ያለ የእንጨት አልጋ ላይ፣ እርጥብ ጆንያ የተደራረበበት ትልቅ ሆድ ተጋድሟል። ሌላው አካሉ አይታየኝም፤ ሆዱ ብቻ ነው።

«ቀስ በል እንጂ ዊልፍ፣ አታንገላታው!» የዶሪን ድምፅ ነው።

«እኔ ነኝ ያንገላታሁት? መንገዱ ነው እንጂ። ከኮረብታው ጀምሮ ሲያጉረመርም ነው የመጣው።»

አባቴ ተንበረከከና ጆሮውን ጆንያው ላይ ለጠፈ። በጣቱ መገጣጠሚያ ቀስ አድርጎ አንኳኳው።

«እንዴት ነው?» አለች።

«እየተነፈሰ ነው።»

«ተመስገን። ስንጥሯን ላላ አድርግለት፣ እንዳይታፈን።»

«አውቃለሁ እባክሽ፣ ይህን ለኔ ነው የምታስተምሪው? አሁን ይተኛ። ሁለት ቀን ማንም እንዳይነካው። ዓርብ ይረጋጋል።»

«ባይረጋጋስ? ቢሞትብንስ?»

«ከሞተማ ባሕር ነዋ! ማን ያያል?»

አባቴ ሳቀ። ዶሪን ግን አልሳቀችም። ሳጥን ላይ ቁጭ አለች፣ መዳፏን እርጥቡ ሆድ ላይ አሳረፈችና «ክሌምዬ… ክሌምዬ…» እያለች አነባች።

ዳቦውን እዚያው ጥዬ ሮጥኩ።

አሁን የማውቀውን ልንገራችሁ። በዚያ ጥቅምት ክሌምን አእምሮው ከድቶት ነበር። አንድ ጠዋት ባሕሩ ውስጥ እስከ ደረቱ ገብቶ ቆሞ ያገኘው አባቴ ነው። ከከተማው ራቅ ብሎ፣ ሰዎች ስሙን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጠሩት ሆስፒታል አስገቡት። ቤቱ የኩባንያው ነው፤ ውሉና የመሸጫ ፈቃዱ ግን በክሌም ስም ነው። ክሌም እንደሌለ ኩባንያው ካወቀ ዶሪን በወሩ ሻንጣዋን ይዛ መንገድ ላይ ናት። ስለዚህ እስኪመለስ አለ ተባለ። የቀረው ነገር ደግሞ ቢራ ነው። ውሉ ከኩባንያው ቢራ ሌላ መሸጥ ይከለክላል፤ የኩባንያው ቢራ በብረት በርሜል በጋዝ ተገፍቶ የሚመጣ፣ ቀድሞ የሞተ ነገር ነበር። የከተማው ሰው የለመደው ግን በእንጨት በርሜል ውስጥ ገና የሚፈላውን ነው፤ እርጥብ ጆንያ እየለበሰ የሚቀዘቅዘውን፣ በአናቱ በተሰካች የእንጨት ስንጥር የሚተነፍሰውን፣ ሁለት ቀን ሳይነካ የሚተኛውን። አባቴ ያንን ከኮረብታው ማዶ ካለ ትንሽ ጠማቂ በዓሣ ሳጥን ሥር ደብቆ በየሳምንቱ ያመጣል። ያ ቢራ ባይኖር ደንበኛው ሁሉ «ካፒቴን ሮም» በሄደ ነበር፤ ደንበኛ ከሄደ ደግሞ ክሌም የሚመለስበት ቤት የለም። ያን በርሜል በየሳምንቱ በእጁ እየዳበሰ የሚያስተኛው ክሌም ነበር። ዶሪን ስትዳብሰው ያለቀሰችው ለዚህ ነው።

እኔ ግን ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ምድር ቤት ውስጥ ሆዱ ትልቅ የሆነ ሰው ተኝቷል፣ እየተነፈሰ ነው፣ ከሞተ ባሕር ይጣላል።

ሐሙስ እኩለ ቀን ደረጃዬ ላይ ተቀመጥኩ፤ የመጣሁት ለችፕስ ሳይሆን ለስለላ ነው። መስኮቷ ገርበብ ብላለች። ሽማግሌው ጃቤዝ፣ ድሮ መርከብ ወደ ወደቡ እየመራ ያስገባ የነበረው፣ ባንኮኒውን ደበደበ።

«ዶሪን፣ ዛሬም ሬሳ ነው?»

«ዛሬም ሬሳ ነው፣ ጃቤዝ። ሕያው ለነገ።»

«እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ አንድ ሬሳ ቅጂልኛ! ነፍሱን ይማር!»

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ከሳቁ ውስጥ የፖሊሳችንን ድምፅ ለየሁት፤ ከሁሉም በላይ የሚስቀው እሱ ነው። ፖሊሱ ዘንድ ልሂድ ብዬ አስቤ ነበር፤ እሱም አበቃ። እናቴ ዋሽታኛለች። አባቴማ አባቴ ነው። ከተማው ሁሉ ያውቃል፣ ከተማው ሁሉ ይስቃል፣ ክሌም ደግሞ ታች ጆንያ ለብሶ ይተነፍሳል። ነገ ዓርብ ነው።

ሚስተር ክሮዘርን የባሕሩ ግድብ ላይ አገኘሁት። መኪናው ውስጥ ሆኖ ዓሣና ድንች ጥብስ ከወረቀት ይበላል። ነፋሱ ቀሚሴን ይጎትተዋል። መስኮቱን አንኳኳሁ።

«ጌታዬ፣ ክሌም የት እንዳለ አውቃለሁ።»

ሹካውን አስቀመጠ። «እሺ፣ ግቢ። ይበርድሻል።»

«አልገባም» አልኩት። ከማላውቀው ሰው መኪና አትግቢ ተብያለሁ። ጠንቃቃ ነበርኩ አያችሁ! «ላይ የሚሄደው ክሌም አይደለም፣ አባቴ ነው። ክሌም ታች ነው። ምድር ቤት አስተኝተውታል። ገና እየተነፈሰ ነው።»

ሚስተር ክሮዘር የጥብሱን ወረቀት አጠፈው። ከዚያ ፊቱ ላይ አንድ ነገር በራ፤ እኔ የርኅራኄ መሰለኝ።

«እየተነፈሰ ነው አልሽኝ?»

«አዎ። አባቴ ጆሮውን ለጥፎ ሰምቶታል።»

«ምን ለብሷል?»

«እርጥብ ጆንያ።»

«ስንጥር አላሉም?»

«ብለዋል! እንዳይታፈን ላላ አድርግለት አለችው። ለነገ ይረጋጋል አሉ። እባክዎ ዛሬውኑ ያውጡት፤ ከሞተ ባሕር ሊጥሉት ነው!»

«አይሞትም» አለ ሚስተር ክሮዘር፣ አፉን በመሐረብ እየጠረገ። «እኔ አለሁልሽ። ጎበዝ ልጅ ነሽ። ለማንም እንዳትናገሪ።» የከረሜላውን ከረጢት እንዳለ ሰጠኝ። እየሮጥኩ ወደ ቤት ስሄድ ሁለት ከረሜላ አንድ ላይ ጎረስኩ። ዛሬም ሚንት ስቀምስ አፌ ይመረኛል። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ። የኔ አፍ ሲያመልጥ በጣም ይጣፍጠኝ ነበር።

ዓርብ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ሦስት ሰው መጣ፤ ሚስተር ክሮዘርና ሁለት ካፖርት የለበሱ። ከተማው ሁሉ ወጣ። አባቴ መኪናውን መንገዱ መሃል ትቶ መጣ። ዶሪን እጇን በሽርጧ እየጠረገች በሩ ላይ ቆመች፤ የቢራ መቅጃውን የናስ እጀታዎች ስትወለውል ነው የደረሱባት። እኔ ተሽሎክሉኬ መዝጊያው ጫፍ ላይ ቆምኩ። ክሌም ሲወጣ መጀመሪያ እንዲያየኝ ፈልጌ ነው። በኪሴ ሰማያዊዋን ጨው ይዤለት ነበር።

መዝጊያው ተከፈተ። አንደኛው ሰው ወረደና ጆንያውን ገፈፈ።

በርሜል።

የእንጨት በርሜል ነው። ትልቅ ሆድ ያለው፣ በአናቱ ላይ ትንሽ ስንጥር የተሰካበት፤ በስንጥሯ ዙሪያ ነጭ አረፋ እሽሽ… እሽሽ… ይላል። ይተነፍሳል።

«ይህ የኛ ቢራ አይደለም» አለ ሚስተር ክሮዘር። ድምፁ የታከተው ሰው ድምፅ ነው። «ክሌምም ቤት ውስጥ የለም። ዶሪን፣ እንነጋገር።»

እኔ አልገባኝም። ክሌም የታለ? ሌላ ጥግ ነው ያስቀመጡት? አፌን ከፈትኩ። «አጎቴ ክሌ…» ከማለቴ አንድ እጅ ከኋላ መጥቶ አፌን ግጥም አድርጎ ያዘኝ። የናስ መወልወያና ኮምጣጤ ይሸታል። የዶሪን እጅ ነው። ጭንቅላቴን ሽርጧ ላይ አጣብቃ፣ ጎንበስ ብላ አየችኝ። ያን ዓይን ምን ልበላችሁ። ነቃችብኝ። ልታፍነኝ ነው አልኩ፤ ቀጥሎ ምድር ቤት የምተኛው እኔ ነኝ። በጫማዬ ቅልጥሟን ረገጥኳት። አለቀቀችኝም። አባቴ ከኛ ሁለት እርምጃ ርቆ፣ ጀርባውን ሰጥቶን፣ በርሜሉን እያየ ቆሟል።

ከዚያ በኋላ የሆነው በጣም ፈጠነ። በኅዳር ዶሪን ወጣች። ከከተማው በስተጀርባ፣ ለበጋ እንግዳ ተብሎ የተደረደረ ተጎታች ቤት ውስጥ ገባች፤ በክረምት ውኃው በቧንቧው ውስጥ በረዶ የሚሆንበት። በርሜሉን ባሕር ደፉት። «ተስፋና መልሕቅ» ቀይ ምንጣፍ ተነጠፈለት፣ የፕላስቲክ ጥቁር ምሰሶ ተለጠፈለት፣ «ቢል መርከበኛው» ተባለ። ክሌም በመጋቢት ሲመለስ ከአውቶቡስ ወርዶ፣ ማንም ሳይነግረው በለመደው መንገድ፣ ዱብ ሸርተት እያለ ወደ ቤቱ ሄደ። የማያውቀው ልጅ በሩን ከፍቶ «ገና አልተከፈተም፣ ሽማግሌው» አለው። ሞቶ ባሕር ተጣለ ያልኩትን ሰው በሕይወት ሳየው ደስ ሊለኝ ሲገባ ተደበቅኩ፤ ምክንያቱን እኔም አላውቀውም ነበር። ክሌም ከዚያ በኋላ ሌላ በርሜል አልዳበሰም። ከአርባ ዓመት በላይ ያችው ተጎታች ውስጥ ኖረ።

ማን ተናገረ የሚለው ከተማውን አመሰው። በአንድ እራት አባቴ ማንኪያውን ወርውሮ ገላገለን።

«ራሷ ናት! ዶሪን ራሷ! ፊቴ ቆማ፣ ደከመኝ ዊልፍ፣ እኔው ሄጄ ነገርኳቸው አለችኝ። እኔ በዚያች መኪና ፈቃዴን ለአደጋ አጋልጬ፣ የሰው ጫማ አጥልቄ፣ እንደ እብድ ወለል ስደበድብ! ሁለተኛ ስሟን በዚህ ቤት እንዳልሰማ!»

አልተሰማም። ክሌምን መንገድ ላይ ሲያገኘው ያወራዋል፤ የተጎታቿን ደረጃ ግን አልረገጠም። ከዶሪን ጋር ሱቅ ውስጥ ፊት ለፊት ከተገጣጠሙ ወጥቶ ዝናብ ላይ ይቆማል።

እኔ ያኔ ጥፋቷን አመነች ብዬ እፎይ አልኩ። እውነቱ የገባኝ በአሥራ ሦስት ዓመቴ ነው፤ የገበሬዎች ትርኢት ላይ አንድ ሽማግሌ በርሜል በእርጥብ ጆንያ ሸፍኖ «አትነካኩት ልጆች፣ እየተነፈሰ ነው» ሲል። ይህ ከሆነ በኋላ እንኳ ለማንም አልነገርኩም። ሌላውን ሁሉ እጠረጥራለሁ እንጂ ራሴን ማውጣጣት አይሆንልኝም። ፈሪ ነኝ፣ ሌላ ስም የለውም።

ባለፈው ዓመት ክሌም ሞተ። አባቴ ሰማንያ አልፎታል፤ ዳሌው አልታዘዝ ብሎት በዱላ ነው የሚሄደው። ቀብር እንሂድ ስለው «አልሄድም። ከዚያች ሴት ጋር አንድ ጉድጓድ አልከብም» አለኝና ቴሌቪዥኑ ላይ የፈረስ እሽቅድድሙን ጮክ አደረገው።

ከቀብር በኋላ ሰው የተሰበሰበው የት መሰላችሁ? «ተስፋና መልሕቅ»። ሁለት ፂማም ወጣቶች ከሊድስ መጥተው ገዝተውት ስሙን መልሰውለታል። ቀዩ ምንጣፍ ተነስቷል፣ ፕላስቲኩ ምሰሶ ተጥሏል፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ «ሕያው ቢራ» ተብሎ ተጽፏል። ለዚያ ቃል ሰው ከከተማ ይመጣል አሉ። ከቢራ መቅጃ እጀታዎቹ አንዱን አመለከትኩ።

«ይቅርታ እትዬ፣ እሱ ገና አልደረሰም» አለኝ ፂማሙ። «ትናንት ነው የገባው። እየተነፈሰ ነው።»

ባንኮኒውን ያዝኩ። ዶሪን ጥጉ ላይ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ የክሌምን የሸክላ ኩባያ ፊቷ አስቀምጣ ተቀምጣለች። አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩ። ሌላ ነገር ልጀምር ነበር፤ አልሆነልኝም።

«አክስት ዶሪን፣ እኔ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ፣ መርማሪዋ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዚያችው ዓርብ። አፍሽን የያዝኩት ለምን መሰለሽ? አባትሽ እኮ እዚያው ቆሞ ነበር። አንድ ቃል ብትጨምሪ አልቆልሽ ነበር።» ቅልጥሟን አሻሸች። «የምን ጫማ ነበር ያደረግሽው? እስካሁን ብርድ ሲሆን ያመኛል።»

«ለምን እኔ ነኝ አልሽው?»

«አንድ ሰው መጥላት ነበረበታ። ዊልፍን አታውቂውም? እኔን ቢጠላኝ ምን ቸገረኝ፣ ቤቴ አይመጣ። አንቺ ግን በየቀኑ ከሱ ጋር እራት የምትበዪ ነሽ።»

«ክሌምስ ያውቅ ነበር?»

«ነገርኩት እንጂ። ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? ‹ልታወጣኝ የመጣች እሷ ብቻ ናት› አለ። ሳቀ። ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ያን ቀን ነው መጀመሪያ የሳቀው።»

ተነስቼ ወጣሁ። የአባቴ ቤት አራት ደቂቃ መንገድ ነው። ፈረሶቹ አሁንም ይሮጣሉ። ቴሌቪዥኑን አጠፋሁና ፊቱ ቆምኩ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ስንጥቁን፣ ጆንያውን፣ ከረሜላውን፣ የዶሪንን እጅ። አላቋረጠኝም። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ። እንዲጮህብኝ ፈልጌም ነበር።

«ጫማዬን» አለኝ።

«የትኛውን?»

«የቀብሩን ነዋ! የትኛውን ይሆናል?»

ጎንበስ ብዬ አሰርኩለት። መንገድ ላይ ክንዱን ልይዘው ስል እምቢ አለኝ። በሩን እኔ ከፈትኩለት። ወጣቶቹ ምንጣፉን ስላነሱት ወለሉ ድሮ የነበረው ጣውላ ነው። አባቴ ዱላውን በሩ ላይ አስደግፎ ገባ፤ እምቢተኛ ዳሌውን እየጎተተ፣ በሰው መሃል፣ ዱብ… ሸርተት፣ ዱብ… ሸርተት።

ዶሪን ኩባያው ላይ ያለው እጇ ቆመ። ሳትዞር ጭንቅላቷን ቀና አደረገች።

አባቴ ከኋላዋ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሳል ሆነበት።

«እኔ ነኝ፣ ዶሪን።»

«አውቃለሁ» አለች፣ አጠገቧ ያለውን ወንበር በእግሯ እየገፋችለት። «ያኔም አንተው ነበርክ።»